ስምንት ኪሎ ወርቅ ታጥቆ ጡረታ የናፈቀው ሰው

አዳማን (ናዝሬት ማለት ለለመድነው ናዝሬትን) ልብ ብሎ ላያት፣ ከደመወዝተኛ ይልቅ ከዕለት ገቢውና ከትርፉ የሚበላ ሰው የሚበዛባት ከተማ ናት። የአይሱዙ ባለቤቱ፣ የጋራዥ ባለሙያው፣ የጤፍ ነጋዴው፣ የሽንኩርትና የቲማቲም ደላላው፣ የጁስ ቤቷ እመቤት፣ ልብስ ሰፊው… ሁሉም ለራሳቸው የሚሠሩ፣ አለቃ የሌለባቸው ሰዎች ናቸው። አለቃ እንደሌለባቸው ሁሉ ጡረታም የላቸውም። ከሞጆ እስከ መቂ፣ ከዝዋይ (ባቱ) እስከ ሻሸመኔ ያለውም ነገር ያው ነው። የስምጥ ሸለቆ ከተሞች በመንገድ ዳር የተወለዱ ናቸውና መንገድ ደግሞ ነጋዴን እንጂ ደመወዝተኛን አያበዛም።

የመንግሥት ሠራተኛው 60 ዓመት ሲሞላው ሕግ ራሱ “በቃህ” ይለዋል። ወደደም ጠላም ወንበሩን ያስረክባል፣ በወር በወር የምትደርሰውን ይቀበላል። የግል ድርጅት ተቀጣሪውም ቢሆን በ2003 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 715 መሠረት የጡረታ ባለመብት ሆኗል (ይህ አዋጅ በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1268 ተተክቷል)። የ2003ቱ አዋጅ መደበኛ ባልሆነ ሥራ የተሰማሩ ሰዎችም ከፈለጉ በፈቃዳቸው እንዲገቡ በር ከፍቶ ነበር። “ከፈለጉ” የምትለዋን ቃል ያዙልኝ። ለራሱ የሚሠራ ሰው ለጡረታው ሲል በየወሩ የሚቆጥበውን ገንዘብ ሸቀጥ ቢገዛበት ይሻለዋል ብሎ ያስባል። እውነቱን ለመናገር እኔ ከማውቃቸው የአዳማ ነጋዴዎች በዚህች በር የገባ አንድም አላየሁም። የእነርሱ ጡረታ በጓሮ የሚሠሩት የሚከራይ ሰርቪስ ቤት፣ እቁብና ልጅ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ “አንዲት ዙር ብቻ ልሥራና አርፋለሁ” የምትል ተስፋ ናት። ይህች አንዲት ዙር ግን አታልቅም።

ስለዚህች አንዲት ዙር ሳስብ ሁልጊዜ ትዝ የሚለኝ ከሞተ ከ130 ዓመት በላይ የሆነው፣ በዚሁ በእኛ አገር ለራሱ ሲነግድ የኖረ አንድ ፈረንሳዊ ነው። ስሙ አርቱር ራምቦ ይባላል። (የፊልሙን ራምቦ አላልኩም፤ እርሱ መትረየስ ብቻውን ይዞ ጦር የሚበትነው ነው። ይህኛው ሁለት ሺሕ ያህል ጠመንጃ ይዞ መጥቶ ሊከስር የደረሰ ነው።) ዓለም የሚያውቀው በግጥሙ ነው። እኔ ዛሬ የማወራው ግን ስለ ግጥሙ አይደለም፤ ስለ ቁጠባ ደብተሩ ነው። በዚህ ጽሑፍ እርሱን የሚመለከቱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

ራምቦ በኦክቶበር 20 ቀን 1854 በሰሜን ፈረንሳይ ሻርልቪል በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ የእግረኛ ጦር ሻምበል ነበር። ራምቦ ገና የ6 ዓመት ልጅ ሳለ ሰውየው ሚስቱንና ልጆቹን ጥሎ ሄደ፤ አልተመለሰም። ታዲያ ይህ አባት በ1864 ከሠራዊቱ በጡረታ ተሰናብቶ ዲዦን ከተማ ገባና በ1878 እስኪሞት ድረስ ጡረታውን እየበላ በሰላም ኖረ። ቤተሰቡን የበተነው ሰው 14 ዓመት ያህል ሲያርፍ፣ የተበተነው ልጅ አንድም ቀን ሳያርፍ መሞቱ ሁልጊዜ ይገርመኛል። እናቱ የገበሬ ልጅ፣ ሮሽ በምትባል መንደር እርሻ ያላት፣ ገንዘብ አያያዟ ጥብቅ፣ ሃይማኖተኛና ቆፍጣና ሴት ነበረች። ልጇ ሳንቲም መቁጠርን ከእርሷ፣ መንገድን ከአባቱ የወረሰ ይመስለኛል።

ግጥሙን በአጭሩ ልለፈው። ከ15 እስከ 20 ዓመቱ ባለው ጊዜ የፈረንሳይን ግጥም የቀየሩ ሥራዎች ጻፈ፤ ከዚያ ብዕሩን ጣለ። በ1873 በራሱ ፍላጎት ያሳተማት ትንሽ መጽሐፍ ማተሚያ ቤቱ መጋዘን ውስጥ ቀረች። ወዳጁ ባለቅኔው ቬርሌን በዚያው ዓመት ብራሰልስ ላይ በሽጉጥ ተኩሶ እጁን አቆሰለው። ከግጥሙ አንዲት ቤሳ አላገኘም። ከዚያ በኋላ ያልዞረበት የለም ማለት ይቻላል። በሆላንድ የቅኝ ግዛት ጦር ተቀጥሮ ጃቫ ድረስ ሄዶ ከዳ፣ ቆጵሮስ ላይ የድንጋይ ካባ ሠራተኞች አለቃ ሆነ፣ በመጨረሻም በ1880 ክረምት ቀይ ባሕርን ወርዶ ኤደን ደረሰ። ያኔ ዕድሜው 26 ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል።

ኤደን ላይ ባርዴ የሚባል ፈረንሳዊ የቡና ነጋዴ ቀጠረው። ሥራው ቡና የሚለቅሙ ሴቶችን መቆጣጠር ነበር። ባርዴ ሰውየው ቀልጣፋና ዐረብኛ ለመልመድ ፈጣን መሆኑን ሲያይ ሐረር ወደሚከፍተው ቅርንጫፍ ላከው። ራምቦ በዲሴምበር 1880 ሐረር ገባ። ከተማዋ ያኔ በግብጾች እጅ ነበረች። ደመወዝ፣ ምግብና ማደሪያ፣ በተጨማሪም ከትርፉ ትንሽ ድርሻ ነበረው። ቡና፣ ቆዳ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ ይገዛል፤ አቡጀዲና ልዩ ልዩ ሸቀጥ ይሸጣል።

ለቤተሰቡ የጻፋቸው ደብዳቤዎች ተሰብስበው ታትመዋል። ግጥም ፈልጎ የሚከፍታቸው አንባቢ በጣም ያዝናል፤ ምክንያቱም ከዳር እስከ ዳር የሒሳብ ደብዳቤዎች ናቸው። ይህን ያህል አለኝ፣ ይህን ያህል እልካለሁ፣ ይህን ያህል ወለድ ያመጣል፣ እዚህ መጽሐፍ ግዙልኝ፣ ስለ ወታደራዊ ግዴታዬ ጠይቁልኝ… እኔ ግን በእነዚህ ደብዳቤዎች ውስጥ ከአዳማ ነጋዴዎች ጋር ስነጋገር የምሰማውን ድምፅ እሰማለሁ። በ1883 ሐረር ሆኖ ሲጽፍ፣ ማግባት እንደሚፈልግ፣ ወንድ ልጅ ወልዶ ደኅና አድርጎ አስተምሮ መሐንዲስ ሊያደርገው እንደሚመኝ፣ ይህ ሁሉ መንከራተት ጥቂት ዓመታት ከቆየ በኋላ ደስ በሚለው ቦታ ማረፍ ካልተቻለ ምን ጥቅም እንዳለው ይጠይቃል። 28 ዓመቱ ነበር። በዚህ ዕድሜው ስለ ማረፍ እንደ ሽማግሌ ያወራል።

እናቱ በላከላት የመጀመሪያ ገንዘብ ምን አደረገች መሰላችሁ? በስሙ መሬት ገዛችለት። እንደ ማንኛውም የገበሬ ልጅ መሬት ከሁሉ የበለጠ ቁጠባ ነው ብላ ታምናለች። እርሱ ግን ተናደደ፤ መሬቱን ምን ላደርገው ነው አለ። እርሱ የፈለገው በማንኛውም ጊዜ ወለድ የሚያመጣ፣ እንደገናም ወደ ሥራ ሊመለስ የሚችል ገንዘብ ነው። እኔ እዚህ ላይ ለእናቱ እፈርዳለሁ። መሬቱ ወደ ሸቀጥ ተመልሶ የማይገባ ገንዘብ መሆኑ እርሱ እንደ ጉድለት ያየው ነገር ነው፤ ለሚቆጥብ ነጋዴ ግን ትልቁ ጥቅም ይኸው አልነበረም? ገንዘቡን ከባለቤቱ እጅ የሚያድን ነገር ነው። ሰርቪስ ቤት የሚሠራው የአዳማ ነጋዴ ይህን ሳያውቀው ያውቀዋል።

በ1884 መጀመሪያ ላይ ግብጾች በሱዳን ማህዲስቶች ተወጥረው ሐረርን ለመልቀቅ ሲነሡ ንግዱ ተበላሸ፤ የባርዴም ድርጅት ተንገዳገደ። ራምቦ ወደ ኤደን ተመለሰ። በዚያ ጊዜ በእጁ 13 ሺሕ ፍራንክ ያህል አጠራቅሞ ነበር። ለአራት ዓመት ሥራ መጥፎ አይደለም፤ ግን ቁጭ ብሎ ለመብላት አይበቃም። ለአንድ ዓመት ተኩል ያህል ኤደን ላይ በድጋሚ ተቀጥሮ ሠራ፤ በዚያ ጊዜ አንዲት ኢትዮጵያዊት አብራው ኖራለች፤ በኋላ ወደ አገሯ ሸኛት። በኦክቶበር 1885 ደግሞ ከባርዴ ጋር ተጣልቶ ወጣ። ከዚያች ቀን ጀምሮ እስኪሞት ድረስ ሰው አልቀጠረውም። ለራሱ የሚሠራ ሰው ሆነ ማለት ነው።

የመጀመሪያው የግል ሥራው ጠመንጃ ነበር። ላባቱ የሚባል ሸዋ ውስጥ የቆየ ፈረንሳዊ ነጋዴ ለንጉሥ ምኒልክ (ያኔ የሸዋ ንጉሥ ነበሩ) መሣሪያ ለማቅረብ ተዋውሎ ነበርና ራምቦ ቁጠባውን ይዞ ሸሪክ ሆነው። ዕቅዱ በወረቀት ላይ ሲታይ ያምራል። አውሮፓ ውስጥ ከአገልግሎት የወጣ አሮጌ ጠመንጃ አንዱ 7 ወይም 8 ፍራንክ ይገዛል፣ ሸዋ ላይ 40 ፍራንክ ያህል ይሸጣል። ለእናቱም በ1886 መጸው ፈረንሳይ እንደሚደርስ ጻፈላት። አንዲት ዙር ብቻ!

በ1886 መጸው ራምቦ የነበረው ግን ፈረንሳይ ሳይሆን ታጁራ ነው። እዚያች የባሕር ዳር መንደር ውስጥ ለአንድ ዓመት ያህል ግመል ሲለምን፣ ፈቃድ ሲጠብቅ ኖረ። እንግሊዝና ፈረንሳይ ተስማምተው የመሣሪያ ማስገባት ሥራውን አገዱበት፤ ደብዳቤ ጽፎ አስለቀቀ። ሸሪኩ ላባቱ ካንሰር ይዞት አገሩ ገብቶ ሞተ። አብሮት ቅፍለቱን ሊያደርግ የተስማማው ሶሌዬ የተባለ ሌላ ፈረንሳዊም በሴፕቴምበር 1886 ኤደን ላይ በድንገት ሞተ። በመጨረሻ በኦክቶበር ብቻውን ቅፍለቱን ይዞ ተነሣ፤ በአፋር በረሃ አቋርጦ፣ አዋሽን ተሻግሮ፣ ከአራት ወር ጉዞ በኋላ በፌብሩዋሪ 6 ቀን 1887 አንኮበር ገባ። ንጉሡ አልነበሩም። በጃንዋሪ ጨለንቆ ላይ አሸንፈው ሐረርን ይዘው ነበር፤ እርሱ ደግሞ ከሐረር በተቃራኒው አቅጣጫ መሣሪያውን ይዞላቸው መጣ።

የሆነውን ሕግ ለተማረ ሰው ማንበብ ያምማል። ምኒልክ ንግድ የሚያውቁ ንጉሥ ነበሩ፤ ጠመንጃዎቹን በጅምላ፣ ራምቦ ካሰበው በጣም ባነሰ ዋጋ ወሰዱ። በዚያ ላይ ላባቱ ከእኔ የተበደረው አለ ብለው ቀነሱ። የላባቱ ባለዕዳ ነኝ የማይል ጠፍቶ የላባቱ አበዳሪ ነኝ የሚል ግን ከየአቅጣጫው ፈለቀ፤ ፈረንሳዊውም፣ አገሬውም፣ ለላባቱ ሠርቼለት አልከፈለኝም የሚለው ሠራተኛም መጣ። የላባቱ ኢትዮጵያዊት ሚስትም ንብረቱ የእኔ ነው ብላ በዳኛ ፊት ሞገተችው። ራምቦ ራሱ እንደተረከው በንዴት የላባቱን 34 ጥራዝ ማስታወሻ ከቤቱ አግኝቶ አቃጠለው፤ በኋላ ሲሰማ በገጾቹ መካከል የንብረት ማስረጃዎች ተሸጉጠው ኖሯል። (ሰነድ ማቃጠል! ማንም ሰው በማናቸውም ሁኔታ ሰነድ አያቃጥል።) ሸሪክ ሲሞት ዕዳው በሕይወት ያለውን ይዞ እንደሚቀጥል የማይገባው ነጋዴ ዛሬም ብዙ ነው። በእኛም የንግድ ሕግ በኅብረት ሽርክና ማኅበር ውስጥ የገባ ሰው ለማኅበሩ ዕዳ በግል ንብረቱ ጭምር ይጠየቃል። ለእረፍት ያጠራቀማትን ገንዘብ በዚህ መንገድ አደጋ ላይ የሚጥል ሰው ቢያንስ የሸሪኩን ዕዳ ቆጥሮ ይግባ። የላባቱ ጣጣ ራምቦን እስከ መጨረሻዋ ዓመቱ ድረስ ተከትሎታል።

ንጉሡ በጥሬ ብር አልከፈሉትም። ሐረር ሄዶ ከአዲሱ ገዥ ከራስ መኮንን እንዲቀበል ወረቀት ሰጡት። እዚህ ላይ ነው ራምቦ የእኛን አካባቢ የረገጠው። በሜይ 1887 ቦሬሊ ከሚባል አገር አሳሽ ጋር ከእንጦጦ ተነሥቶ፣ አቃቂን ይዞ፣ በምንጃር በኩል ወደ አዋሽ ቆላ ወረደ፤ የከረዩን አገር አቋርጦ፣ ኢቱ ላይ ወጥቶ፣ በጨርጨር ደጋ አድርጎ ከሦስት ሳምንት በኋላ ሐረር ደረሰ። ዛሬ በዚያው አቅጣጫ መተሐራ፣ አዋሽ፣ አሰበ ተፈሪ (ጭሮ) እያለ የሚሄድ መኪና ከአዳማ ማለዳ ተነሥቶ በዚያው ቀን ሐረር ይገባል። አዳማ ያኔ ከተማ አልነበረችም፤ የባቡሩ ሐዲድ አዲስ አበባ የደረሰው ራምቦ ከሞተ ከ26 ዓመት በኋላ በ1917 ነው፤ አዳማም ያደገችው በሐዲዱና በመንገዱ ነው። ራምቦ ግን የመንገዱን ጥቅም ቀድሞ አይቶታል። ወደ ሸዋ የሚወስደው ጥሩ መንገድ በአፋር በረሃ ሳይሆን በሐረር በኩል ነው ብሎ ስለ ጉዞው የጻፈውን ማስታወሻ በዚያው ዓመት ካይሮ ላይ አሳትሟል።

ራስ መኮንን የነበራቸውን ያህል ከፈሉት። ወረቀቱን በምጽዋ አስመንዝሮ በኦገስት 1887 ካይሮ ሲደርስ 16 ሺሕና ጥቂት መቶ ፍራንክ በወርቅ ይዟል። ባንክ ስለማያምን፣ ሌባም ስለሚፈራ ወርቁን በመቀነት አድርጎ ወገቡ ላይ ታጠቀው፤ ስምንት ኪሎ ያህል እንደሚመዝንና ሆዱን እንዳሳመመው ለቤተሰቡ ጻፈ። እኔ አንድ ቀን በወረቀት ላይ አስልቼው ነበር። ባለ 20 ፍራንኩ የወርቅ ሳንቲም 6.45 ግራም ይመዝናል፤ 800 ሳንቲም ማለት ከአምስት ኪሎ ትንሽ ያለፈ ነው። ስለዚህ ወይ አጋኗል ወይ ደግሞ ሰውነቱ በጣም ደክሞ አምስቱ ስምንት መስሎታል። ሁለተኛው ይመስለኛል። በዚያው ደብዳቤ ፀጉሩ እንደሸበተ፣ ወገቡን፣ ጉልበቱንና ትከሻውን ቁርጥማት እንደያዘው ይናገራል። 32 ዓመቱ ነበር።

በመጨረሻ ገንዘቡን ካይሮ ላይ ክሬዲ ሊዮኔ ባንክ ለስድስት ወር በ4 በመቶ ወለድ አስቀመጠው። 4 በመቶ ከ16 ሺሕ 640 ፍራንክ በዓመት ነው፤ ለወር ሲካፈል 53 ፍራንክ ይሆናል። በፈረንሳይ ከተማ በዚህ መኖር አይቻልም። በእናቱ እርሻ ላይ፣ የራሱ ቤትና ማዕድ እያለ ግን በጥንቃቄ የሚኖርበት ገንዘብ ነው። ሰውየው ደግሞ የቅንጦት ሰው አልነበረም። ሐረር የሚያውቁት ነጋዴዎች ሁሉ የሚመሰክሩት አንድ ነገር ነው፤ ከአገሬው ምግብ ይበላል፣ ውኃ ይጠጣል፣ ራሱ የሰፋውን የሚመስል ነጭ ጥጥ ልብስ ይለብሳል፤ ለተቸገረ ግን ሳይታይ ይሰጣል። በጥቂት ገንዘብ መኖርን ያህል ነገር ችሎ ነበር። ያልቻለው ሌላ ነገር ነው።

ለምን አልተመለሰም? ምክንያቶቹን ሁሉ በደብዳቤዎቹ ዘርዝሯቸዋል። የፈረንሳይ ብርድ ይገድለኛል ይላል፤ እውነት ነው፣ ቆላ የለመደው ሰው ደጋ ይከብደዋል። (ቁርጥማት የያዛቸው የአዲስ አበባ ጡረተኞች አዳማና ሶደሬ ፍልውኃ የሚወርዱት በዚሁ ምክንያት አይደለም?) የውትድርና ግዴታዬን አልጨረስኩም፣ ያስሩኛል ይላል። ሥራ አላገኝም፣ ሰውም አላውቅም ይላል። ገንዘቡ ገና ትንሽ ነው ይላል። ሁሉም ምክንያት በየራሱ ትክክል ነው። አንድ ላይ ሲደመሩ ግን ሌላ ነገር ይናገራሉ። ሰውየው ማረፍን ይፈራው ነበር።

እናም በሜይ 1888 ሐረር ላይ የራሱን ንግድ ቤት ከፈተ። ኤደን ላይ ሴዛር ቲያን የሚባል ነጋዴ ወኪሉ ሆነ፤ ሸዋ ላይ ደግሞ ሸቀጡን የሚሸጥለት የምኒልክ አማካሪ የነበረው ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ነው። የሁለቱ ደብዳቤ ያስቃል። ራምቦ ሸዋ የማይፈልገውን ድስትና ማስታወሻ ደብተር ይልካል፤ ኢልግ ደግሞ ይህን ማን ይገዛኛል፣ የአገሩ ሰው ድስቱ ሸክላ ነው፣ ደብተር የሚያስፈልገው ጸሐፊም ጥቂት ነው እያለ ያማርራል። ሳያስቅ የሚያልፍ ነገርም አለበት፤ በ1889 መጨረሻ ራምቦ ከኢልግ አንድ ጥሩ በቅሎና ሁለት ባሪያ ልጆች እንዲገዛለት ጠይቋል። ኢልግ ባሪያ የሚባለውን ነገር እምቢ አለ። ይህን ትቶ ስለ ባለቅኔው ልግስና ብቻ ማውራት አይገባም።

ንግዱ ከፍ ዝቅ እያለ ተጓዘ። ቡና ሲረክስ ይጎዳል፣ ቅፍለት ሲዘረፍ ይጎዳል፣ ሐረር ላይ ግብር ሲጨመር ይጎዳል፤ ግን በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት ይጨምራል። (ሐረር ሄዳችሁ ራምቦ ቤት የሚባለውን ባለ ቀለም መስታወት ፎቅ ያያችሁ ትኖራላችሁ። ያማረ ሕንፃ ነው፤ ግን ከእርሱ ሞት በኋላ የተሠራ የሕንድ ነጋዴ ቤት ነው። ራምቦ እንዲህ ያለ ቤት አልኖረበትም።) በዚህ ሁሉ ጊዜ ፓሪስ ላይ ስሙ እየገነነ ነበር። በ1886፣ ታጁራ ላይ ግመል ሲጠብቅ፣ ግጥሞቹ በአንድ መጽሔት ላይ ወጥተው ነበር። አንድም ቀን አልጠየቀም። የአንድ ሰው የጡረታ ሀብት እርሱ ራሱ የጣለው ዕቃ ውስጥ ሲያድግ ባለቤቱ ድስት ይሸጣል።

በኦገስት 1890 ለእናቱ ጋብቻን አነሣ። በሚመጣው ጸደይ መጥቼ ላገባ እችል ይሆን ብሎ ይጠይቃል፤ ወዲያው ግን በዚያ መቅረት እንደማይችል፣ ሥራውንም ጥሎ መምጣት እንደማይችል፣ ሚስቲቱ አብራው ለመጓዝ የምትስማማ መሆን እንዳለባት ይጨምራል። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸው ነው። ከስድስት ወር በኋላ ቀኝ ጉልበቱን ያመው ጀመር።

በፌብሩዋሪ 1891 ሕመሙ ጠና። እናቱን የእግር ደም ሥር ማጥበቂያ ካልሲ እንድትልክለት ለመነ። ጉልበቱ እያበጠ፣ እግሩ እየደረቀ ሄደ፤ እርሱ ግን አልጋውን በግቢው ያለው ሚዛን በሚታይበት መስኮት አጠገብ አስደረገና ተኝቶ እየተመለከተ መመዘኑን፣ መክፈሉን ቀጠለ። ሐረር ላይ የሚያክመው አልነበረም። ቶሎ ወርዶ ቢሆን ኖሮ የሚል ሐሳብ ለማንም አንባቢ ይመጣል። እርሱ ግን ሒሳቡን ሳይዘጋ አልሄድም አለ። ተቻኩሎ የነበረውን ሁሉ በኪሳራ ሸጠ። በኤፕሪል 7 ቀን 1891፣ 16 ሰዎች በተሸከሙት ቃሬዛ ላይ ሆኖ ከሐረር ወጣ። እስከ ዘይላ ወደብ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ 12 ቀን ያህል ፈጀበት። ዝናብ መታው፤ ግመሎቹ ሲዘገዩ ምግብና ድንኳን አጥቶ አደረ። በዚህ ሁሉ መካከል እርሳስ ይዞ የየቀኑን ጉዞ ይመዘግብ ነበር፤ ተሸካሚዎቹ ሲጥሉት የቀጣቸውን ቅጣት ሳይቀር። ነጋዴ ምን ጊዜም ነጋዴ ነው።

ኤደን ላይ ከቲያን ጋር ሒሳባቸውን ዘጉ። በእጁ የደረሰው 37,450 ፍራንክ ነበር። ከአስራ አንድ ዓመት በረሃ በኋላ የተገኘው ድምር ይህ ነው። በ4 በመቶ ቢቀመጥ በዓመት 1,498 ፍራንክ፣ በወር 125 ፍራንክ ያህል ያመጣል። ሀብት አይባልም፤ ግን ከመንደር ውጭ እንኳ ለአንድ ቁጠኛ ሰው የሚበቃ፣ ሚስትም የሚያስመጣ ገንዘብ ነው። ይህን ቁጥር ሐረር ላይ ከአንድና ሁለት ዓመት በፊትም ሊደርስበት በተቃረበ ነበር። መቼ ነው የሚበቃው የሚለውን ግን አስቀድሞ በወረቀት ላይ አልጻፈውም። ለራሳቸው ለሚሠሩ ወዳጆቼ ደጋግሜ የምነግራቸው ይህንን ነው፤ ከሁሉ አስቀድሞ ቁጥሯን ጻፏት፣ ለሚስታችሁ ወይም ለባላችሁም አሳዩአት፣ ቁጥሯ ስትሞላ የሚያስታውሳችሁ ሌላ ሰው ይኑር። እየሳቁ ይሰሙኛል።

ማርሴይ በሜይ 20 ደረሰ፤ በሜይ 27 ቀን 1891 ቀኝ እግሩን ከጉልበቱ በላይ ቆረጡለት። ካንሰር ነበር። እናቱ መጥታ አስታመመችው፤ ነገር ግን ብዙ አልቆየችም፣ እርሻው ይጠብቃት ነበር። ከሆስፒታል አልጋ ላይ ሆኖ ያስጨነቀው አንዱ ነገር ያ ገንዘብ ነው፤ ሰው የሚያስቀምጥልኝ የለም፣ ራሴ ሄጄ ወለድ የሚያመጣ ነገር ልገዛበት አልቻልኩም እያለ ይጽፋል። ሌላው ጭንቀቱ የውትድርናው ጉዳይ ነበር። አንድ እግር ያለው ሰው ፖሊስ መጥቶ ለውትድርና ይወስደኛል ብሎ ይሰጋል! እኅቱ ኢዛቤል ጠይቃ ነፃ መሆኑን ስታረጋግጥለት ነው የተረጋጋው። ለስንት ዓመት ወደ አገሩ እንዳይገባ ካስፈሩት ምክንያቶች አንዱ እንዲህ በአንድ ደብዳቤ የሚፈታ ነገር ኖሯል።

በጁላይ መጨረሻ ወደ ሮሽ ወደ እናቱ ቤት ገባ። አስር ዓመት ሙሉ ያወራላት ዕረፍት ይህች ነበረች። አንድ ወር ቆየች። ብርድ ነበር፣ ዝናብ ነበር፣ እህሉም በውርጭ ተበላሽቶ ነበር፤ ክራንቹ ብብቱን ያቆስለዋል፣ የእንጨት እግሩም አልሆነለትም። ሞቃቱን አገር ናፈቀ። በኦገስት 23 ከኢዛቤል ጋር በባቡር ተነሥተው ወደ ማርሴይ ተመለሱ፤ ሐሳቡ እዚያ በመርከብ ተሳፍሮ ወደ ኤደን፣ ከዚያም ወደ ሐረር ለመመለስ ነበር። ከሆስፒታሉ አልወጣም።

በኖቬምበር 9 ቀን ትኩሳት እያንቀጠቀጠው ለመርከብ ድርጅቱ ኃላፊ አንድ ደብዳቤ ለእኅቱ አጻፈ። የዝሆን ጥርስ ዕቃ ዝርዝር አለበት፣ ከዚያም በስንት ሰዓት ወደ መርከቡ ተሸክመው ሊወስዱት እንደሚችሉ ይጠይቃል። በማግስቱ ሞተ። ገና 37 ዓመቱ ነበር። ሻርልቪል ተቀበረ።

ሊሞት ሲል ለኢዛቤል ደጋግሞ የነገራት አንድ ኑዛዜ ነበር። ሐረር ላይ ያገለግለው ለነበረው ለጃሚ ዋዳይ 3 ሺሕ ፍራንክ እንዲሰጥ። ጃሚ ሐረሬ ነው፤ ሚስትና ልጅ የነበረው፣ ራምቦን ለዓመታት ያልተለየ ወጣት ነው። እኅቱ ቃሏን ጠብቃ ገንዘቡን ላከች፤ ጉዳዩም ሐረር በነበሩት የካቶሊክ ጳጳስ በአቡነ ቶሪን ካኛ በኩል ተፈጸመ። ከዚያ 37 ሺሕ ፍራንክ ውስጥ ተመልሳ ወደ ሐረር የመጣችው ይህችው ብቻ ናት። ስትደርስ ጃሚም ሞቶ ስለነበር ወራሾቹ ተቀበሏት።